ስሙ ጭምቱ ነው

አስቀድሜ ላስታውቅ፤ ውሻው የኔ አይደለም። አብሮኝ የሚኖረው የደባሌ ነው። ይህን ለጎረቤቱ ሁሉ ስናገር ከረምኩ፤ የሚያምነኝ ግን ጠፋ። ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጬ የምሠራው እኔ ነኛ! ደባሌ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ስለዚህ ለሰው ሁሉ «ያ ውሻ ያለው ልጅ» ማለት እኔ ነኝ።

ውሻው ጭምቱ ይባላል። አዎ፣ ጭምቱ። ደባሌ ሲያመጣው እፍኝ የማይሞላ ቡችላ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አልጋ ሥር ተደብቆ ድምፁን አላሰማም። «አቤት ጭምትነቱ!» አለ ደባሌ። ስሙ በዚያው ጸደቀ። በአራተኛው ቀን ጭምቱ አፉን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ አልዘጋውም።

በምን ይጮኻል ብሎ ከመጠየቅ በምን አይጮኽም ብሎ መጠየቅ ይቀላል። ሞተር ሲያልፍ ይጮኻል። በር ሲከፈት ይጮኻል፣ ሲዘጋም ይጮኻል። ማቀዝቀዣው ጉርር ብሎ ሲነሳ ይጮኻል፤ ሲያቆም ደግሞ «ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው?» በሚል ዓይነት ይጮኻል። አንድ ቀን ሲያዛጋ ከገዛ ጉሮሮው የወጣችው ሲርታ አስደንግጣው በራሱ ላይ ጮኸ። ይሄን ሰው የነገረኝ ሳይሆን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ከሁሉም የሚብሰው መስኮቱ ነው። ጭምቱ ሶፋው ላይ ወጥቶ መንገዱን ይቆጣጠራል። ሰው ያልፋል፤ ይጮኽበታል። ሰውየው መንገደኛ ነውና መንገዱን ይቀጥላል። ጭምቱ ግን እንደዚያ አይደለም የሚረዳው። «አባረርኩት!» ነው የሚለው። ቀጣዩ ይመጣል፤ እሱንም ያባርራል። በዚህ ሂሳብ ከተወለደ ጀምሮ ተሸንፎ አያውቅም። እንዲህ ያለ የድል ታሪክ ያለውን ፍጡር እንዴት ተው ትለዋለህ?

ደባሌ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ ቤት ሲሆን ጭምቱ እግሩ ሥር ተጠቅልሎ ይተኛል። ላየው ጻድቅ ይመስላል። ጠዋት ደባሌ ቁልፉን ሲያነሳ ግን ጆሮው ይቆማል። በሩ ቀጭ ሲል ይነሳል። ሁለት ደቂቃ ያህል ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደደ ያለቃቅሳል። ከዚያ «ሃው!» ይላል። የመጀመሪያዋ ሃው የሙከራ ናት፤ መድረክ ላይ ማይክ ሲሞከር «አንድ፣ ሁለት» እንደሚባለው። ከዚያ ፕሮግራሙ ይጀመራል።

ማታ ደባሌን እይዘዋለሁ።

«ወንድሜ፣ ውሻህ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል።»

«ማን? ጭምቱ?»

ጭምቱ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየኛል። እንዴት ያለ አስተያየት መሰላችሁ! «ምን በደልኩህ?» የሚል።

«ኧረ ተው! ይሄ ምስኪን? ምናልባት አንተን ፈርቶ ይሆናል» ይላል ደባሌ፣ እያሻሸው።

እሺ፣ ብቻዬን እወጣዋለሁ አልኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት የማንም ሰው ልብ የሚለውን ነው። ጮኽኩበት። «ዝም በል!» ስለው «ሃው!» ይለኛል። «ዝም በል አልኩህ!» ስለው «ሃው ሃው!» ጭራውን እየቆላ። ግራ የገባኝ ጭራው ነው። ተቆጥቼው ደስ ይለዋል እንዴ? ኋላ የውሻ አሠልጣኞች የሚሉትን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ውሻ ሲጮኽ አብረኸው ከጮኽክ ተቆጣኝ ብሎ አያስብም፤ አጋዥ አገኘሁ ነው የሚለው። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ኅብረ ዝማሬ ላይ ነበርን።

ቀጥሎ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚለውን በማሽን ልሞክረው ብዬ ድምፅ የሚያጠፋ የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ። ውድ ነው። አደረግኩት፣ አበራሁት። ተአምር ነው! የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ጠፋ። የሩቁ መኪና ጠፋ። የኮምፒውተሬ ማራገቢያ ጠፋ። ዓለም ጸጥ አለች። በዚያ ንጹሕ ጸጥታ መሃል «ሃው!» አለ፣ ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሎ። እነዚህ ማዳመጫዎች በደንብ የሚያጠፉት ወፍራምና ሳይቋረጥ የሚቀጥለውን ድምፅ ነው፤ የሞተር ጉምጉምታ ዓይነቱን። ድንገት ፈንድቶ የሚመጣውን የውሻ ጩኸት ብዙም አይችሉትም። እኔ ታዲያ ገንዘቤን ከፍዬ ለጭምቱ የስቱዲዮ ጥራት ገዛሁለት።

ከዚያ የሥራ ቃለ መጠይቅ መጣ። በቪዲዮ። ሦስት ሰዎች፣ ሦስቱም ኮስታራ። «እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩን» ከማለታቸው «ሃው!» አለ። ደነገጥኩ። ጠረጴዛው ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ካሜራው እንዳያየኝ እጄን ዝቅ አድርጌ አንድ ወረወርኩለት። ዝም! ኧረ እንዴት ያለ ዝምታ! ኩርሽም፣ ኩርሽም፣ ከዚያ ጸጥ። ከአራት ደቂቃ በኋላ «ሃው!» ሌላ ብስኩት። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ሌላ። «ጫና ሲበዛብዎት እንዴት ይሠራሉ?» ተብዬ ስጠየቅ ከወገቤ በላይ ፈገግ ብዬ እመልሳለሁ፤ ከወገቤ በታች እጄ ያለማቋረጥ ብስኩት ይወረውራል። ሊያልቅ ሲል ቆርቆሮው ባዶ ሆነ። የመጨረሻውን ጥያቄ አብረን መለስነው፣ እኔና ጭምቱ።

ሥራውን አላገኘሁም። ጭምቱ ግን ሥራ አገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ደባሌ ሲወጣ መስኮቱ ጋ መሄዱን ትቶ ቀጥታ ጠረጴዛዬ ሥር ይመጣል። ቆርቆሮውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ «ሃው!» ይላል። እነሳና እሰጠዋለሁ። በሳምንቱ «ሃ—» ሲል መነሳት ጀመርኩ። ኢቫን ፓቭሎቭ የሚባለው የሩሲያ ሳይንቲስት፣ በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመው፣ ውሾች ምግብ ሊመጣ መሆኑን የሚያመለክት ድምፅ፣ ለምሳሌ ደወል፣ ገና ሲሰሙ ምራቃቸው እንደሚንጠባጠብ አሳይቶ ነበር። እኛ ቤት ነገሩ ትንሽ ተገልብጧል። ደወሉ ጭምቱ ነው። ለሃጩ እየተዝረበረበ የሚነሳው እኔ ነኝ።

እናቴ በስልክ ሰማችው።

«ምንድን ነው ልጄ እንዲህ የሚጮኸው?»

«የደባሌ ውሻ ነው እማዬ።»

«ማነው የሚያበላው?»

«እኔ።»

«እንግዲያውስ! ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል አልሰማህም?»

ፓቭሎቭን ልነግራት ፈልጌ ተውኩት።

ከዚያ ፉጨት ሞከርኩ። የሰው ጆሮ ቢበዛ 20,000 ኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ነው የሚሰማው፤ ውሻ ግን ከዚያ በጣም አልፎ እስከ 45,000 ገደማ ይሰማል። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ እንግሊዛዊ በዚህ ላይ ተነስቶ ለሰው የማይሰማ ለእንስሳ የሚሰማ ፉጨት የሠራው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። አሁን ለስልክ መተግበሪያ ሆኖ ይወርዳል። አወረድኩት። ነካሁት። ምንም። እንደገና ነካሁት። ምንም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ የማይሰማህን ነገር መሥራቱን በምን ታውቃለህ? ስልኩ ተበላሽቶ ይሁን በትክክል ሠርቶ ይሁን፣ ለኔ ሁለቱም ያው ዝምታ ነው። ጭምቱ ብቻ አንገቱን ወደ ግራ አዘመመ፣ ወደ ቀኝ አዘመመ፣ ከዚያ በስልኩ ላይ ጮኸ። አሁን ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ይጮኻል። በዝርዝሩ ላይ አንድ ተጨመረ ማለት ነው።

የዚያን ቀን ሥራ ትቼ ስለ ውሻ ጩኸት ሳነብ ዋልኩ። ባሰንጂ የሚባል ከመካከለኛው አፍሪካ የተገኘ ዝርያ አለ፤ እንደ ሌላው ውሻ አይጮኽም፣ እንደማንጎራጎር ያለ ድምፅ ነው የሚያወጣው። ደባሌ ይሄንን ትቶ ያንን መምረጡ ምን ይባላል? ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ጎልደን ሪትሪቨር 113.1 ዴሲቤል ጮኾ ክብረ ወሰን ይዟል። ጭምቱ ቢወዳደር ኖሮ ብዬ አሰብኩ፤ አሰብኩና ደነገጥኩ፣ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ጠፈር የላኳት ውሻ የላይካ ስም ደግሞ «የምትጮኸው» እንደማለት ነው። ነፍሷን ይማር፣ የላይካን ነገር ሳስበው አዝናለሁ። ግን ሐሳቡ ከየት እንደመጣላቸው ጠረጠርኩ።

በመጨረሻ ማስረጃ ልሰብስብ አልኩ። ጩኸቱን አርባ ደቂቃ ቀዳሁት። ማታ ደባሌን አስቀምጬ «በል ስማ!» ብዬ ከፈትኩት። ጭምቱ እግሩ ሥር ተኝቷል። የገዛ ድምፁ ከስልኬ ሲወጣ ብድግ አለ። ሌላ ውሻ ቤታችን ገባ! ፀጉሩን አቁሞ መጮኽ ጀመረ። የተቀዳው ይጮኻል፣ እውነተኛው ይመልሳል፣ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተን።

«አየህ!» አለ ደባሌ ጆሮውን ይዞ። «አየህ! አንተ ነህ ለካ የምታስጮኸው!»

እጅ ልሰጥ ነበር። ግን እሑድ ጠዋት አባበልኩትና አብረን ወጣን። እንደሚሄድ ሰው በሩን ዘጋ፣ ደረጃውን ድም ድም አድርጎ ወረደ፣ በእግሩ ጣት ተመልሶ መጣ። ሁለታችንም ጆሯችንን በራችን ላይ ለጥፈን ተንበረከክን። አምስት ደቂቃ። ጸጥ። አስር ደቂቃ። ጸጥ። በበሩ ሥር ብቻ ሽፍ፣ ሽፍ የሚል ነገር ይሰማል። ጭምቱ እያሸተተን ነበር። አፍንጫው ከኔ አፍንጫ ጣት የማይሞላ ርቀት ላይ ነው። የውሻ አፍንጫ ከ200 ሚሊዮን በላይ የሽታ መቀበያ አለው፤ የሰው ስድስት ሚሊዮን ገደማ ቢሆን ነው። ተደበቅን ብለን በስድስት ሚሊዮን ከ200 ሚሊዮን ጋር መግጠማችን ነው።

በዚያው እንደተንበረከክን ከታች ያሉት እናት ብቅ አሉ።

«ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?»

ደባሌ ቶሎ ብሎ ተነሳ። «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን። ውሻችን ያስቸግራል?»

አሁን ተፈረደልኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«ውሻውስ ውሻ ነው» አሉ እትዬ። «መጮኽ ሥራው ነው፣ ለምደነዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያ ቀኑን ሙሉ ‹ዝም በል! ዝም በል!› እያለ የሚያናፋው ሰው ነው። ምነው፣ አሞታል እንዴ?»

ደባሌ እስካሁን ሲስቅ ነው።

ግን እግዜር ይስጣቸው፣ ቢያንስ ጩኸት መኖሩ ተመሰከረ። ከዚያ በኋላ ደባሌም ልብ ገዛ። የመስኮቱን የታችኛውን ግማሽ በወረቀት ሸፈንነው፤ ጭምቱ የሚያባርረው ሰው አጣ። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት እስኪደክመው ያንሸራሽረዋል። ብስኩቱን በየጥጉ እንደብቅና እያሸተተ ሲፈልግ ይቆያል። ደባሌ ደግሞ የቁልፍ ልምምድ ጀመረ። ቁልፉን ያነሳል፤ ይቀመጣል። ያነሳል፤ ይቀመጣል። ይወጣል፤ በአምስት ሰከንድ ይመለሳል። ከዚያ በአስር ሰከንድ፣ ከዚያ በደቂቃ። ነገሩ ጭምቱ መሄድ ማለት መቅረት እንዳልሆነ እንዲለምድ ነው። እትዬ ግን ደባሌ በአንድ ጠዋት ሃያ ጊዜ ሲወጣ ሲገባ አይተው አሁን ስለ እሱም መጨነቅ ጀምረዋል።

የኔ ድርሻ ከባዱ ነበር። ሲጮኽ ብስኩት የለም። ዝም ሲል ብቻ ነው የሚሰጠው። ጭምቱ ደመወዙ ሲቋረጥ ምን አደረገ? አድማ መታ! እንዲህ ያለ ጩኸት በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ይሄ ያለ ነገር ነው፤ የለመደውን ስትከለክለው ከመተዉ በፊት ይብስበታል። በዚህ መሃል አንጀትህ ራርቶ አንዲት ብስኩት ከሰጠህ ደግሞ «ለካ በርትቼ ስጮኽ ነው የሚከፈለኝ» ብሎ ይማራል። ዘጠኝ ቀን ቆርቆሮውን ታቅፌ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ከእኔና ከጭምቱ ማን የበለጠ እንደተሰቃየ አላውቅም። በአስረኛው ቀን ቀነሰ።

ትናንት ደባሌ ወጣ። በሩ ቀጭ አለ። ጠበቅኩ። አስር ደቂቃ ጸጥ። ሃያ ደቂቃ ጸጥ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሥራ መሥራት አቃተኝ። ጸጥታው አላማረኝም። ተነስቼ ፈለግኩት። ሶፋው ላይ የለም። ኮሪደሩ ላይ የለም። አልጋዬ ሥር አገኘሁት፣ ያ የልጅነት ቦታው ላይ። ጭምት ብሎ የጆሮ ማዳመጫዬን ያኝካል። የግራው ጆሮ አልቋል፤ ቀኙን ሊጀምር ነው።

«ጭምቱ!!!» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

ከወለሉ ሥር የመጥረጊያ እንጨት ጓ፣ ጓ፣ ጓ አለ።

«አንተ ልጅ! ዝም በል!»

ዝም አልኩ። ጭምቱ ማኘኩን አቁሞ ወለሉን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። አንዲት ሃው አልወጣውም። በደንቡ መሠረት ብስኩት ይገባዋል። ሰጠሁት።