የኋላው ዘንግ ቀድሞ ሲገባ

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ካለ አንድ የሐበሻ ጋራዥ ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት የ1972 ዳትሰን 240ዜድ 22 ሚሊሜትር የኋላ ስታቢላይዘር (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያገናኝ የብረት ዘንግ) ገብቶላት ወጣች። አብሮት መምጣት የነበረበት 25 ሚሊሜትሩ የፊት ዘንግ ስለዘገየ፣ «የደረሰው ይግባ፣ የፊቱ ሲመጣ እንጨርሳለን» ተብሎ ነበር። ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ተመለሰች። እሑድ በዝናብ ከሀይዌይ መውጫው ኩርባ ላይ ኋላዋ ሸሽቶ ግማሽ ዙር ዞራለች። ሰው አልተጎዳም፤ አንድ ቸርኬ ብቻ ተፍቋል።

ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ፣ መኪናዋን በገዛ እጃቸው የሚያጥቡ ሰው ናቸው። ዘንጉን የገጠመውን ወጣት ፈልገው አገኙት።

«ልጄ፣ ስታቢላይዘር ያስገባሁት እንድትረጋጋልኝ ነው። ጭራሽ አበደች እኮ!»

«ጋሼ፣ ዘንጉ የሚይዘው መንሸራተቱን አይደለም። ኩርባ ላይ በጎን መተኛቷን ነው።»

«ካልተኛች ታዲያ ለምን ሸሸች?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሠራተኛም አይጠይቀውም። የሚያሳስተው ስሙ ነው። ስታቢላይዘር ስንለው ወፍራም ባስገባን ቁጥር መኪናዋ የምትረጋጋ ይመስለናል። ነገሩ ግን የግራና የቀኝ ብራቾን፣ ማለትም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚይዘውን ብረት፣ የሚያያይዝ ሞላ ነው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሡ ጎሚኒው (የመያዣው ላስቲክ) ውስጥ ይዞራል እንጂ ሥራ የለውም። አንዱ ተነሥቶ አንዱ ሲወርድ ግን ይጠመዘዛል፤ ያን ጊዜ ከውስጠኛው ጎማ ክብደት አንሥቶ በውጨኛው ላይ ይጭናል። ጎማ ደግሞ ክብደት እጥፍ ቢሆንበት የሚይዘው እጥፍ አይሆንም። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ፣ ዘንጉ የጠነከረበት ወገን ቀድሞ ይለቃል። የጋሼ መኪና መተኛቷን ቀንሳለች፤ የቀነሰችው ግን የኋላ ጎማዎቿን አቅም ከፍላ ነው።

ወደ አሜሪካ የመጣችው 240ዜድ ከፋብሪካ የወጣችው የፊት ዘንግ ብቻ ይዛ ነው። የዚህችኛዋ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሲለካ 18 ሚሊሜትር ሆነ። የዘንግ ጥንካሬ የሚያድገው ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው። የዘንጉ ክንድ (የታጠፈው ጫፉ) ርዝመት እኩል ከሆነ 22ቱ ከ18ቱ 2.2 እጥፍ ይጠነክራል፤ 25ቱ ደግሞ 3.7 እጥፍ። ለዓይን የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ነው፤ መንገድ ላይ ግን ሌላ መኪና ነው። ምንም ባልነበረበት ኋላ 22 ሲገባ ፊቱ 18 ላይ ከቀረ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ የሚሆነው የታወቀ ነው። ዲፈረንሻሏም ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገድብ ክፍል) ስለሌለው፣ ከኩርባ ሲወጣ ነዳጅ ሲሰጥ የቀለለው ውስጠኛ ጎማ በባዶ ይሽከረከራል።

ሁለተኛው ጥፋት የገጠማ ነበር። ጋሼ ሲጠየቁ «ወደ ቀኝ ስዞር ትይዛለች፣ ወደ ግራ ስዞር ግን ሌላ ናት» አሉ። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ሊንኮቹን፣ የዘንጉን ጫፎች ከብራቾው የሚያያይዙትን፣ ማየት አለበት። መኪናዋ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በአራት ጎማዋ ቆማ ከቸርኬው መሐል እስከ መከለያው ጠርዝ ሲለካ ግራና ቀኝ በ12 ሚሊሜትር ይለያያሉ። አንዱ ሊንክ ተፈታ፣ መኪናዋ ጥቂት ተወዘወዘች፣ እንደገና ተለካ፤ ልዩነቱ 3 ሆነ። ሊንክ ሲፈታ ከፍታው ከተለወጠ ዘንጉ ቆማም ሳለ ተጠምዝዞ ነበር ማለት ነው። ልጁ ቡሎኑ አልደርስ ሲለው የቀኙን ብራቾ በክሪክ ገፍቶ ዳዶውን ጎሚኒው እስኪያብጥ አጥብቆታል። የግራው ግን እንደ ነገሩ ነው የጠበቀው።

የፊቱ ዘንግ ሐሙስ ሲደርስ ሥራው ከመጀመሪያ ተጀመረ። የኋላው ወጣ። ሻንሲው ላይ ያሉት የፊቱ ዘንግ ቅንፍ ቀዳዳዎች በ50 ዓመት ዝገት ተሞልተዋል፤ ቡሎን በኃይል ከተነዳባቸው ጥርሱ ይላጫል። ስለዚህ ዘይት ገብቶባቸው፣ ማስጠረሻው (የቡሎን ጥርስ ማውጫው) በእጅ ግማሽ ዙር ወደፊት ሩብ ዙር ወደኋላ እየተባለ ተጠረጉ። አዲሱ ጎሚኒ ፖሊዩሬቴን ስለሆነ የተቀባው የሲሊኮን ግራሶ ነው፤ ተራው ግራሶ ቶሎ ታጥቦ ይሄድና ጩኸት ይጀምራል። ቅንፉ ከጠበቀ በኋላ፣ ሊንኮቹ ሳይታሰሩ፣ ዘንጉ በአንድ እጅ መዞር አለበት። አልዞረም። ጎሚኒው ከቅንፉ ትንሽ ይበልጣል፤ ከቅንፉ ሥር ስስ ሮንዴላ ሲገባ ተፈታ። ይህን የዘለለ ሰው ዘንግ ሳይሆን ድፍን ብረት ነው የገጠመው፤ መኪናዋ ትንሹን ጉድጓድ ሁሉ ወደ መሪው ታመጣለች።

ሊንኮቹ የታሰሩት ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው፣ 60 ሊትር ከሚይዘው ታንክ ግማሹ ተሞልቶ፣ ሾፌሩ ወንበር ላይ የጋሼን ክብደት የሚያህል አሸዋ በከረጢት ተቀምጦ ነው። ዳዶው ጎሚኒው ሮንዴላውን ሞልቶ ጠርዙ ማበጥ ሲጀምር ይቆማል፤ ከዚያ ከቡሎኑ ጫፍ ወጥቶ የሚታየው ጥርስ ግራና ቀኝ በካሊፐር ይመሳከራል። በመጨረሻ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ተዞረ፤ አንዱ ጎማ በክሪክ ተነሥቶ ሌላው እንደተንጠለጠለ ዘንጉ ጎማውንም የብራቾውን መወጠሪያ ዘንግም አለመንካቱ ታየ።

ጋሼ በደረቅም በዝናብም ነዱና በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። «ኋላዋ አርፏል። አሁን ግን ጠባብ ኩርባ ላይ አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይሄዳል።» እውነት ነው፤ ፊቱን ብቻ ያጠነከረ ይህን ይከፍላል። ልጁ በዚህ ጊዜ መልስ ነበረው፦ 16 ሚሊሜትር የኋላ ዘንግ። ክንዱ እኩል ከሆነ የ22ቱን 28 በመቶ ብቻ ነው የሚጠነክረው። ጋሼ ግን የወጣው ዘንግ ገንዘባቸው ነውና «ያንኑ መልስልኝ፣ ፊቱ ገብቷል አይደል?» አሉ። ብዙ ተለመኑ። ልጁ ሁለቱን ዘንጎች ጎን ለጎን አስይዟቸው ነው የተስማሙት።

22 ሚሊሜትሩ ዛሬም ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሚገዛው ሰው ሲመጣ ልጁ ካሊፐሩን ይዞ ከመኪናው ፊት ሥር ይገባል፤ ዋጋ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው።