እንኳን አደረሳችሁ፣ በጋሼ አቆጣጠር

እንኳን ለ2018 አዲስ ዓመት አደረሳችሁ! አደይ ፈክታለች፣ ዶሮ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፣ በግ ልግዛ ብሎ የወጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። በሰላም ያደረሰን አምላክ ይመስገን።

እኔ ዘንድሮ የማወራችሁ ስለ ጸጉር ቆራጬ ነው።

ወንበሩ ላይ ጣውላ ጋድመው ከሚያስቀምጡኝ ዕድሜዬ ጀምሮ የዋዜማ ጸጉሬን የቆረጡኝ አንድ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ "የሃምሳዎቹ ዘመን" ሲሉ የፈረንጁን ነው። "በኛ እኮ አርባዎቹ ናቸው" ስላቸው መቀሱ ይቆማል። "ዝም ብለህ ተቆረጥ፤ ኳስ የሚጫወተው በፈረንጅ ካላንደር ነው!" የመጀመሪያዋን ሳተላይት፣ ስፑትኒክን ብቻ በኛ ይቆጥሩለታል። መስከረም 24 ቀን 1950። "የበዓሉ ወጥ ሳያልቅ ሩሲያ ሰማይ ላይ ወጣች" ይላሉ።

ያኔ ለማጅ ነበሩ። ከኮሪያ የተመለሰ የቃኘው ወታደር ይመጣል፣ አጭር ይላል፣ ሌላ ቃል አይወጣውም። ከሱ ቀጥሎ የሚቀመጠው ጎረምሳ ደግሞ "እንደ ኤልቪስ ከፊት ቆልልልኝ" ይላል። በአንድ ማበጠሪያ ሁለቱንም ያስተናግዳሉ።

የሳቸው ነገር ግን ኳስ ነው። የካቲት 1949፣ ካርቱም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ። ይገባሉ የተባሉት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ደቡብ አፍሪካና እኛ። ደቡብ አፍሪካ "ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ እንጂ ቅልቅል ቡድን አልልክም" አለች። ከውድድሩ ወጣች። የሷ ተጋጣሚ እኛ ስለነበርን አንድ ኳስ ሳንመታ ፍጻሜ ገባን። ጋሼ እዚህ ላይ ይኮራሉ፤ ለምን እንደሚኮሩ ገብቶኝ አያውቅም። ከዚያ ፊታቸው ይከፋል። ግብፅ አራት ለዜሮ። አራቱንም ያገባው ኤድ-ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። ይህን ሲሉ መቀሱን ጆሮዬ ስር አራት ጊዜ ያጮኹታል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ ግብፅ አሁንም አራት ለዜሮ። መቀሱም ይደገማል። እኔ ጆሮዬን ሰብሰብ አደርጋለሁ።

ጥር 13 ቀን 1954፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ እዚሁ አዲስ አበባ ሲሆን ግን ስታዲየም ነበሩ። ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ግብፅ ሁለቴ መራች፣ እኛ ሁለቴ አቻ ሆንን፣ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 ጨረስናት። በግርግሩ የጋሼ አንድ ጫማ ጠፋ። በአንድ እግር ጫማ ቤታቸው ገቡ፤ እናታቸው ዋንጫውን ትተው ስለ ጫማው ጠየቁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ጋሼ ግን አያልቅላቸውም። ጥር 1960፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኮንጎና ጋና ለፍጻሜ ተገናኙ። ፊሽካ ይዞ የገባው ዳኛ ማን መሰላችሁ? ራሱ ኤድ-ዲባ! ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነስተው "አራት ዕዳ አለብህ!" ብለው ጮኹ። ሰማኝ ይላሉ። ሰላሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ሰላሳ ጊዜ ስቄያለሁ።

ካቻምና ሰፈራችን ፈረሰ። ጸጉር ቤቱም አብሮ ሄደ። ጋሼ ያንን ከባድ ወንበር አስጭነው ኮንዶሚኒየም አስገቡት። አራተኛ ፎቅ። "አራት እኔን አትለቅም" አሉ። የ2017 ዋዜማ እዚያ ሄጄ ተቆረጥኩ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ካርቱም ላይ ሲደርሱ ሦስቴ አጮኹና ቆሙ። ከዚያ የጆሮዬን ጫፍ ነካኩት። በአልኮል የነከሩትን ጥጥ ይዘውልኝ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። "ይኸው፣ አራተኛውን ባንተ አገባሁት" አሉ በመጨረሻ።

ሰኔ ላይ አረፉ።

በየዓመቱ "ለከርሞ ድምፃቸውን እቀርጻለሁ" እል ነበር። ከርሞ ይኸው መጣ።

ስለዚህ ዛሬ ምስጋናዬ ለሦስት ሰው ነው። ለባለቤታቸው፣ ለእትዬ፤ በአርባቸው ቀን ሰው ከሄደ በኋላ ጠርተውኝ የእጅ ቶንዶሱን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ምን ላድርገው እንደሆነ አልነገሩኝም፣ አልጠየቅኩም። ሜሪላንድ ላለችው ልጃቸው፤ እኔ ስዘገይ እሷ በስልክ ሰባት ደቂቃ ቀርጻቸዋለች። ልካልኛለች፤ ጫማው እስኪጠፋ ድረስ ይሰማል፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ለመጨረሻው ለማጃቸውም፤ በየቅዳሜው አራት ፎቅ ወጥቶ ጢማቸውን ይላጫቸው ነበር፣ በነፃ። እንኳን አደረሰህ ወንድሜ።

"ሦስት ቀን አላችሁ፣ ዕቃችሁን አውጡ" ብላችሁ በራችንን ያንኳኳችሁም እንኳን አደረሳችሁ። ዛሬ በዓል ነው፣ አልቀየማችሁም። ነገ እንነጋገራለን።

ለሌሎቻችሁ፣ የሰላም፣ የጤና፣ የጥጋብ ዓመት ይሁንላችሁ። ዘንድሮ ዋዜማውን ጸጉሬን አልተቆረጥኩም። የበዓሉን ፎቶዬን አይታችሁ እንዳትስቁብኝ።