አሮጌ ፍሪጃችሁን ለቆራሌ ከመስጠታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ እስካሁን ስለሚቆጨኝ ነው። መግዛት ማቆም ይለመዳል። ዕቃ መቀነስም ያን ያህል አይከብድም። የከበደኝ ከቤቴ የወጣው ዕቃ የት እንደሚደርስ ማወቁ ነው፤ ያወቅሁትም ካጠፋሁ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከገርጂ ወደ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች ነን፤ ዕቃችን ግን ሁለት ኢሱዙ ሞላ። ጫኝና አውራጆቹ አራተኛ ፎቅ መሆኑን ሲሰሙ ዋጋውን እጥፍ አደረጉት፣ ከፈልን። ማታ ቤቱ ውስጥ መተላለፊያ ጠፍቶ ልጆቹ ሶፋ ላይ ሲተኙ ሳይ መቁጠር ጀመርኩ። 74 ሲኒ። ሁለት ቡፌ። ከነማሸጊያቸው የተቀመጡ ሦስት ብርድ ልብሶች። አንድ ቀን እንኳ ያልሠራሁበት የጁስ መፍጫ። ግማሹን የገዛሁት በዕቁብና በብድር ነበር። ለዚያ ብድር ስል ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜን ሥራ ገብቻለሁ፣ ሌሊት ወለዱን እያሰላሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ትንሿ ልጄ ፊደል የቆጠረችውም ከእኔ ጋር ሳይሆን ከሠራተኛዋ ጋር ነው። ይሄ ሁሉ የማይከፈት ብርድ ልብስ ለመግዛት።

የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ቀላል ነበሩ። ዕቃ ከሚሸጥባቸው የቴሌግራም ቻናሎች በሙሉ ወጣሁ፣ 37 ነበሩ። ገበያ ስሄድ ዘንቢል መያዝ ጀመርኩ። ጫማ ሲቀደድ ሊስትሮ ጋ፣ ቀሚስ ሲጠብ ልብስ ሰፊ ጋ። ልብስ መግዛት ያስተወኝ ደግሞ አንድ ቁጥር ነው። አንድ የጥጥ ቲሸርት ለማምረት፣ ከጥጡ እርሻ ጀምሮ፣ ወደ 2,700 ሊትር ውሃ ይፈጃል። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሰው ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። 2,700 ሊትር ማለት 135 ጀሪካን ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ ሳስበው ጉልበቴ ራደ።

አሁን ወደ ፍሪጁ።

ከገርጂ ይዘነው የመጣነው ፍሪጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ጠዋት አልቀዘቅዝ አለ። ያኔ መግዛት አቆምኩ ካልኩ ገና ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው፤ ግን ዕቁቡ ወጥቶልኝ ነበርና በሳምንቱ ባለሁለት በር ትልቅ ፍሪጅ ገዛሁ። ቴክኒሻን አልጠራሁም። «አሮጌ ነው፣ አዲሱ መብራት ይቆጥባል» አልኩ፣ ለራሴም ለባለቤቴም። አሮጌው ኮሪደር ላይ ወጣ። ጎረቤቶች ለሁለት ወር በጎኑ እየተላለፉ ቆዩና አንድ ቀን የኮሚቴው ሰብሳቢ መጥተው «ልጄ፣ ሰው ሬሳ ሳጥን ማሳለፊያ እንኳ የለውም» አሉኝ። አፈርኩ።

መጀመሪያ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት የማኅበር ልጆች ነገርኳቸው። «እኛ የቤት ቆሻሻ እንጂ ፍሪጅ አንወስድም» አሉ። የጽዳት ክፍያው በየወሩ ከውሃ ቢላችን ጋር ይቆረጣል፤ እነሱ ግን ጋሪ እንኳ በቅጡ የላቸውም፣ ስለዚህ አልፈርድባቸውም።

የምፈርደው ቢሮው ላይ ነው። የትኛው ቢሮ እንደሆነ ይቅር። ሦስት ጊዜ ከሥራ አስፈቅጄ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን «ማመልከቻ ጽፈሽ ነይ» ተባልኩ። ፍሪጅ ለመጣል ማመልከቻ! ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ወረቀቱን እንኳ ሳያነብ «ለቆራሌ ስጪው እህቴ፣ እነሱ ያውቁበታል» አለኝ። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ከሌላ ቆሻሻ ጋር እንዳይጣል የሚል ነው አልኩት። አየኝና «እሱ ሌላ ነው» ብሎ ስልኩን አነሳ። ሌላው ምን እንደሆነ እስከዛሬ የነገረኝ የለም። ይኸው ዓመት አለፈ፣ ሳስታውሰው አሁንም ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሰማሁና በመስኮት ጠራሁት። ከጓደኛው ጋር ተጋግዘው አወረዱት። 900 ብር ሰጠኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትልቋ ልጄ «እማዬ፣ እሳት!» እያለች ገባች። ከብሎካችን ጀርባ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። ወጥቼ ሳይ ፍሪጁ በጎኑ ተጋድሟል። ቧንቧውን በመጥረቢያ ቆርጠውታል። ሞተሩ ተነቅሎ ጋሪ ላይ ተጭኗል። ብረቱን ከስፖንጁ ለማላቀቅ እሳት ለቀውበታል፣ ከጎኑ ደግሞ ሽቦው ተጠቅልሎ ይነዳል፣ ላስቲኩ ተቃጥሎ መዳቡ እንዲቀር። ጭሱ ጥቁር ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው ያያሉ።

«ምነው ወንድሜ፣ ልጆች አሉ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«እህቴ፣ ሙሉውን መርካቶ ማድረሻ የለኝም። ገንዘብ የሚያወጣው መዳቡና ሞተሩ ነው» አለኝ። እያሳለ ነው የሚያወራው። አፉ ላይ ያሰረው ሻርፕ ብቻ ነው፣ እጁ ላይ በቆርቆሮ የተቆረጠበት ቦታ ይደማል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ልቆጣው የያዝኩትን ቃል ዋጥኩት። ፍሪጁን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ያደረገው ሥራውን ነው። ውሃ አምጥተን አብረን አጠፋነው።

የዚያን ዕለት ማታ ትንሿ ሲያስላት አደረች። ያን ላስቲክ ፒቪሲ ይሉታል፣ ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ አፈርና እንስሳት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት የሚቆይ ነው። የፍሪጅ ስፖንጅ ሲነድ ደግሞ ሳይናይድ ያለበት ጭስ ይወጣዋል። ቧንቧው ሲቆረጥ ያመለጠው የማቀዝቀዣ ጋዝስ? ስናጓጉዘው ጀርባው ላይ «አር 134ኤ፣ 120 ግራም» የሚል አንብቤ ነበር። ይህ ጋዝ ከባቢ አየርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,400 ጊዜ በላይ ይበረታል። ስለዚህ ያ 120 ግራም ጋዝ ከ170 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው፤ 70 ሊትር ቤንዚን እንደማቃጠል። እስከዚያ ቀን በዘንቢል ገበያ የሄድኩበት ሁሉ በአንድ መጥረቢያ ምት ሄደ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በኋላ መጣ። አዲሱ ፍሪጅ በስምንት ወሩ ያንኑ አመል አሳየኝ፣ አልቀዘቅዝ አለ። ዘንድሮስ ልመከር ብዬ ቴክኒሻን ጠራሁ። ከጀርባው አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር አውጥቶ ነቀነቃት፣ ተንኳኳች። «ሪሌዋ ነች የተቃጠለችው፣ ሞተሩን የምታስነሳው» አለ። በአሥር ደቂቃ ቀይሮ ሄደ። የአሮጌውን ነገር ስነግረው «እሱም ይህቺው ትሆናለች፣ መብራት ሲመላለስ የምትሞተው እሷ ናት» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለንን ፍሪጅ የክብሪት ሳጥን በምታክል ዕቃ ምክንያት አቃጠልኩት ማለት ነው።

እንግዲህ ምክሬ ከቢሮው ምክር ይለያል። እነሱ ለቆራሌ ስጡት ይላሉ፤ እኔ ግን የት እንደሚገባ በዓይናችሁ ሳታዩ ምንም አታውጡ እላለሁ። ኮሪደር ላይ ስድስት ወር ይቀመጥ፣ ጎረቤት ይቆጣ። መጀመሪያ ቴክኒሻን ጥሩ፣ ሁለት ጥሩ። አልድን ካለ ጋዙን ወደ ሲሊንደር መልሶ የሚስብ ማሽን ያለውን ፈልጉ። ብዙዎቹ የላቸውም፣ ስለዚህ ከመምጣቱ በፊት በስልክ ጠይቁት። ለቆራሌ የምትሰጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሽቦውን ራሳችሁ ልጣችሁ መዳቡን ስጡት፣ ማቃጠል አያስፈልገውም።

በአንድ ቅዳሜ ቤታችሁን ባዶ አድርጉ የሚሏችሁንም አትስሙ። ባዶ ቦታ ዕቃ ይጠራል፣ በራሴ አይቼዋለሁ። ልዋጭ ስትመጣም ልብሱን በፕላስቲክ ሳህን አትቀይሩ። አሮጌ ቀሚስ አውጥቶ አራት ሳፋ ማስገባት መቀነስ አይደለም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ የቆሻሻ ክምር ሲናድ የምንኖረው አየር ጤና ነበር። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ከእናቶች ጋር አልቅሻለሁ። ያ ክምር የእኔም ፌስታል፣ የእኔም የተሰበረ ሳፋ እንዳለበት ግን ያኔ አላሰብኩም። ያሰብኩት እሳቱን ከሜዳው ላይ ካጠፋን በኋላ ነው።

ሜዳው ላይ ጥቁሩ ክብ አሁንም አለ። ክረምት አልፎም ሣር አልበቀለበትም። ልጆቹ ጎላቸውን ወደ ማዶ አዛውረዋል፣ እኔ ነኝ ድንጋዩን የተሸከምኩላቸው። ባለፈው ሳምንት የልብስ ማጠቢያው ውሃ አላፈስ ብሎ ቆሟል። ኮሪደር ላይ አላወጣሁትም። ቴክኒሻኑ ቅዳሜ ይመጣል፤ እስከዚያ በእጅ እናጥባለን።