ዘጠኙ ጣሳዎችና የእናቴ አፍንጫ

እናቴ ጣሳውን ከፍታ አፍንጫዋን አስጠጋችና «ይህማ ብቅል ነው፤ ደግሞ ብቅልን በጣሳ አሽጎ የሚሸጥ ማን ነው?» አለችኝ።

ጣሳው ላይ የተጻፈው «አሳም» ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በብራህማፑትራ ወንዝ ሸለቆ የሚበቅል ጥቁር ሻይ። እኔ ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚያው ሻይ ጋር ተፋጥጬ ከርሜአለሁ። የእህቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ «አክስቴ፣ ሻይ ቤት ያላት ሴት ሻይ ማወቅ አለባት» ብላ ዘጠኝ ትንንሽ ጣሳዎች አምጥታልኝ ነበር። በየጣሳው ጀርባ ስለ ጣዕሙ የተጻፈውንም ተርጉማልኝ ሄደች። አንዱ የማላውቀው ዓይነት ወይን፣ ሌላው አይቼው የማላውቅ አበባ፣ ሌላው በልቼው የማላውቅ ፍሬ ይሸታል ይላል። ብቀምስ ብቀምስ ሁሉም ሻይ ሻይ ይላል። ጥፋቱ የምላሴ መስሎኝ ነበር። እናቴ «ብቅል» ስትል ግን እንደገና ፉት አልኩትና ሽታው ወዲያው መጣልኝ፤ ለጠላ ተብሎ ፀሐይ ላይ የተሰጣ የገብስ ብቅል፣ ያ ጣፋጭነት ያለው የእህል ሽታ። በኋላ የእህቴን ልጅ በስልክ ብጠይቃት የጣሳው ጽሑፍም ያንኑ የሚል ኖሯል፤ ቃሉ በአማርኛ ምን እንደሚባል ስላላወቀች ዘላው ነው።

ሻይ ቤቴ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙ ሳትርቅ፣ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ቤት ናት። ሻዬም እንደማንም ሻይ ነው፤ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ውሃ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ ሲፈላ ሻይ ቅጠል፣ ከዚያ ስኳር። ሃያ ዓመት ይህንኑ ሳፈላ ኖሬ ሻይ አውቃለሁ እል ነበር። የማውቀው ቅርንፉድ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ከዚሁ ልማድ የመጣ ነው። የጃፓኑን አረንጓዴ ሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከትቼ አንተከተክሁት። እንደ ኮሶ መረረ። ስኳር ብጨምርበት መራራ ሽሮፕ ሆነና አፈሰስኩት። ያን ጊዜ ነው ስለ ቅጠሉ ማንበብ የጀመርኩት። ነጩም፣ አረንጓዴውም፣ ኡሎንጉም፣ ጥቁሩም ካሜሊያ ሲነንሲስ ከሚባል ከአንድ ተክል ነው የሚቀጠፉት፤ የሚለያዩት ከተቀጠፉ በኋላ በሚደርስባቸው ነገር ነው። ጥቁሩ ይጠወልጋል፣ ይታሻል፣ አየር ሲያገኘው እንደ ተላጠ ሙዝ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይደርቃል። አረንጓዴው ግን ገና ሳይጠቁር በሙቀት ይገታል። ቻይናዎች በአብዛኛው በጋለ ብረት ላይ ያምሱታል፤ ጃፓኖች በእንፋሎት ያበስሉታል። ኡሎንግ በሁለቱ መካከል፣ በግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሁለቱን አረንጓዴዎች ጎን ለጎን አድርጌ ለእናቴ ሰጠኋት፤ የትኛው ከየት እንደሆነ አልነገርኳትም። የቻይናውን «የተጠበሰ የሽምብራ እሸት» አለችው። የጃፓኑን ቀምሳ ትንሽ ዝም አለችና «የዓርብ ጎመን» አለች፤ ጎመን ሲቀቀል የሚወጣውን ውሃ ማለቷ ነው። አንዱ የተጠበሰ፣ አንዱ የተቀቀለ! ማንም ሳይነግራት አሠራራቸውን በአፍንጫዋ ደረሰችበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጣሳውን ጽሑፍ ማስተርጎም ትቼ በየጣሳው ላይ የእኛን ቃል በብዕር እየጻፍኩ መለጠፍ ጀመርኩ።

ሙቀቱ ሌላ ጣጣ ነበር። የእህቴ ልጅ የማእድ ቤት ቴርሞሜትር ላከችልኝ፤ ጥቁር ሻይ በ100 ዲግሪ፣ አረንጓዴ በ75 ወይም በ80 ይቀዳ ይላል ወረቀቱ። ውሃ ጥጄ መሣሪያውን ነከርኩት። ውሃው እየተንተከተከ ቁጥሩ 94 ላይ ቆመ። እሳቱን ጨመርኩ፤ ክዳኑ ተንቀጫቀጨ፣ ምድጃው ላይ ውሃ ተረጨ፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ተበላሽቶ የመጣ ነው ብዬ ልመልሰው ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ጠዋት ጠዋት ሻይ የሚጠጣ አንድ የፊዚክስ መምህር ደንበኛዬ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «እትዬ፣ ዕቃው ደኅና ነው፤ ከፍ ያለችው ባሕር ዳር ናት» አለኝ። ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ሲሳሳ ውሃ ከ100 በፊት ይፈላል። ከደጋ የመጣ ዘመድ ሁሉ ሙቀቷን የሚያማርርባት ከተማ ውሃዋን ግን 100 አታደርስም።

ስለዚህ ለጥቁር ሻይ የምችለውን አደረግሁ። በራዱን አስቀድሜ በፈላ ውሃ አሙቄ እደፋለሁ፤ ውሃው ገና እየተንተከተከ በቅጠሉ ላይ አፈስሳለሁ፤ እከድናለሁ፤ ወረቀቱ አራት ደቂቃ ካለ አምስት አቆየዋለሁ። ለአረንጓዴው ደግሞ ውሃውን ከማንቆርቆሪያ ወደ ጆግ፣ ከጆግ ወደ ሌላ ጆግ አገላብጠዋለሁ፤ ሁለቴ ሲገላበጥ ወደ 80 ይወርዳል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው አጠልለዋለሁ። ሰዓት ማየት የሰለቻቸው ሰዎች አረንጓዴ ሻይ መራራ ነው ይላሉ፤ እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ።

መራራና ሌላ አንድ ነገር መለየትም ጊዜ ወስዶብኛል። አንዳንድ ሻይ አይመርም፤ ግን ምላስን ጨምድዶ ይይዛል፣ አፍ ያደርቃል። ያልበሰለ ዘይቱን የነከሰ ሰው ያውቀዋል፤ ባሕር ዳር ተወልዶ በልጅነቱ የሰው አጥር ዘሎ ያልበሰለ ዘይቱን ያልነከሰ ደግሞ ያለ አይመስለኝም። መራራነት የሚቀመስ ነው፤ ይህ ግን የሚዳሰስ ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን ምራቃችንን ሲይዘው አፋችን ልስላሴውን ያጣል። በጥቁር ሻይ ልኩን ከጠበቀ ደስ ይላል፤ ወተት ሲጨመርበትም ይለዝባል። አሳምና የእኛ የውሽውሽ ሻይ ወተት የሚሸከሙት ጉልበት ስላላቸው ነው። ሱቅ የምንገዛው የአገራችን ሻይ በአብዛኛው በማሽን ተቆራርጦና ተፈጭቶ እንደ ጥራጥሬ የተንከባለለ ስለሆነ ቀለሙንም ጉልበቱንም ቶሎ ይለቃል። ለሻይ ቤት ማንቆርቆሪያ ከዚያ የሚሻል የለም፤ በዚህ ላይ ማንም አያከራክረኝም።

አቀማመሱን በተመለከተ አንድ ነገር ከእናቴ ጋር አጣልቶኛል። የሻይ ቀማሾች ሻዩን ከማንኪያ ላይ በድምፅ ነው የሚስቡት፤ አየር አብሮ ሲገባ ሽታው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል። እኔም ማታ በሩን ዘግቼ «ፍስስስ» እያደረግሁ ስምግ እናቴ ሰማችኝ። «እንደ ከብት ውሃ ስትምጊ ነው ያሳደግሁሽ?» አለች። እስከ ዛሬ እሷ ባለችበት አልሞክረውም። ለማወዳደሪያ የሚሆነውን መጠን ግን ከዓለም አቀፉ መስፈርት ወሰድኩ፤ አይኤስኦ 3103 የሚባለው ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ 6 ደቂቃ ይላል። ሁለት ግራም በምን ይመዘናል? ጎረቤቴ ወርቅ ሠሪ ነው፤ ሚዛኑን አዋሰኝ። በዚህ መጠን የተፈላ ሻይ ጠንክሮ ይወጣል፤ ለመጠጣት ሳይሆን ነውሩን ለማየት ነው።

ነውር ካነሳሁ ትልቁን ልናገር። ዳርጂሊንጉን፣ ያንን ወይን ይሸታል የተባለውን፣ ጣሳውን ለስኳር ፈልጌው በፌስታል ገልብጬ በርበሬና ኮረሪማ ካለበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ሳፈላው ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ አለ። ሻይ ቅጠል የደረሰበትን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፤ ከሁሉ በፊት መማር የነበረብኝ ይህን ነበር። ዳርጂሊንግን እስካሁን አላውቀውም ማለት ይቻላል።

ይህ ጠባዩ ግን ለሽቶ ሻዮች መሠረት ነው። ጃስሚን የተባለውን ቻይናዎች የሚሠሩት በዚሁ ነው። አበባው ቀን እምቡጥ ሳለ ይለቀማል፤ ማታ ሲፈነዳ ከአረንጓዴ ሻይ ጋር ተነባብሮ ያድራል፤ ቅጠሉ ሽታውን ይስባል፤ ጠዋት አበባው ይለቀምና ሻዩ እንደገና ይደርቃል። ለጥሩው ዓይነት ይህ ደጋግሞ ይሠራል። ጣሳውን ስከፍት «የማላውቀው አበባ» የተባለው የእኛው ጠምበለል ዘመድ ነው! ጎረቤቴ አጥር ላይ ሞልቷል። አላስቻለኝም፤ በማግሥቱ አንድ ሰፌድ ጠምበለል ለቅሜ ከውሽውሽ ሻይ ጋር በድስት አነባብሬ አሳደርኩት። ጠዋት ሽታው ቤቱን አወደው። ቅጠሉ ግን ከአበባው ርጥበት ስቦ ረጥቦ ነበር። ለማድረቅ ቀላሉ ነገር የእንጀራ ምጣድ መሰለኝ። ምጣዱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በጎመን ዘር የታሰሰ ነው። ውጤቱን መገመት አያዳግትም፤ ሻዩ በእንጀራ ጋጋሪ እጅ የታሸ መሰለ። ሁለተኛውን ዙር በንጹሕ ጨርቅ ላይ ጥላ ሥር ባሰጣው ሻገተ። ሦስተኛ አልሞከርኩም።

ዘይት የሚረጭባቸው ሻዮች ሌላ ወገን ናቸው። ኧርል ግሬይ ጥቁር ሻይ ሆኖ በርጋሞት ከሚባል የሎሚ ዘመድ ልጣጭ በሚወጣ ዘይት ሽታ የተሰጠው ነው፤ ፍሬው በይበልጥ የሚበቅለው በደቡብ ጣልያን ነው። እናቴ «ትርንጎ» ብላ አንድ ጊዜ ብቻ አሽትታ አለፈች፤ ትክክል ናት። ለደንበኛ መጀመሪያ ያቀረብኩት እሱን ነው፤ ሻይ በሎሚ የለመደ ሰው አይደነግጥበትም። የደረቀ ፍራፍሬ የተቀላቀለበትን ግን፣ ከዚያ በኋላ ራሴ ገዝቼ የሞከርኳቸውን ማለቴ ነው፣ አልወደድኳቸውም። ጣሳው ውስጥ ሰርግ ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ልቅሶ። የሕንዶቹ ማሳላ ደግሞ እኛው ነን፤ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ወተት ጨምረውበት። ከርከዴና ጦስኝ ጣፋጭ ነገሮች ናቸው፤ ግን ከሻይ ተክል ስላልመጡ በዘጠኙ መካከል አልቆጥራቸውም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ኡሎንጉ ነው። ደርቆ ሲታይ ጠብደል ቁንዶ በርበሬ የሚያህል ኳስ ነው። በብርጭቆ ውስጥ የሞቀ ውሃ ባፈሰስኩበት መጀመሪያ ወደ ታች ሰመጠ፤ ከዚያ የተጨበጠ ጣት ሲፈታ እንደሚመስል ቀስ ብሎ ተዘረጋ። በመጨረሻ አንድ ዘለላ ሆኖ ተገኘ፤ ሦስት ቅጠል ከነግንዱ፣ ጠርዙ ቡናማ፣ መሐሉ አረንጓዴ። ከዘጌ ቡና የምታመጣልኝ ሴት በዚያን ሰዓት ተቀምጣ ነበር። ዘጌዎች በቡናቸው ይመካሉ፤ ሻይ ስትባል አፍንጫዋን ነፋች። ቀዳሁላት። «ውሃ ነው» አለች። ቅጠሉን ሳልጥል በላዩ ሌላ ውሃ አፈሰስኩ፤ ኡሎንግ ሁለቴ ሦስቴ ይፈላል። «አሃ፣ ቶና አለው ለካ!» አለችና ተስተካክላ ተቀመጠች። አቦሉ አበባ አበባ ይላል፤ ቶናው ቆሎ፣ እንዲያውም ዱቤ ቆሎ፤ በረካው ስስ ሆኖ የሸንኮራ ዓይነት ጣፋጭነት በጉሮሮ ይተዋል። በረካውን ወደደችው። በቡናዋ ላይ ያላትን አቋም ግን አላሻሻለችም።

ላፕሳንግ ሱቾንግ የሚባለውን፣ በፉጂየን የዉዪ ተራሮች በጥድ ጭስ የሚደርቀውን፣ ማንም አይጠጣውም ብዬ ነበር። እናቴ «የታጠነ እንስራ» አለችው፤ ጠላ ሊጠመቅበት በወይራ ጭስ የታጠነ። አንድ ጡረታ የወጡ የጀልባ ሰው ናቸው ባለቤቱ የሆኑት። «ጋሼ፣ ይቅመሱት» ብዬ ሰጠኋቸው፤ አሽትተው «የእናቴ የወተት ቅል» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ እየመጡ ይጠይቁኛል። አራት ማንኪያ ስኳር ይጨምሩበታል። ስኳርን የመከልከል ሐሳብ መጀመሪያ ነበረኝ፤ ሁለት ደንበኛ ካስኮረፍኩ በኋላ ትቼዋለሁ። ስኳሩን ለብቻው አቀርባለሁ፤ «አንድ ፉት ብቻ ያለ ስኳር ይቅመሱልኝ፣ ከዚያ እንደፈለጉ» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ከዚያ በኋላ ከሦስት ወደ አንድ ተኩል ይወርዳል። የአንዱ ብርጭቆ ዋጋ የሦስት ተራ ሻይ ስለሆነ የሚያዘው ሰው ብዙ አይደለም፤ ቤቱን የሚያቆመው አሁንም ትልቁ ማንቆርቆሪያ ነው።

መደርደሪያው ላይ፣ ከቅመሙ በተቃራኒ ግድግዳ፣ ጣሳዎቹ ተደርድረዋል፤ ብቅል፣ እሸት፣ የዓርብ ጎመን፣ ጠምበለል፣ ትርንጎ፣ ዱቤ ቆሎ፣ የታጠነ እንስራ። የነጩ ሻይ ጣሳ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ጸጉር የለበሰ እምቡጥ ብቻ ነው፤ ቀለሙ ውሃ ከማለት ጥቂት ከፍ ይላል፤ አንድ ነገር ይሸታል፤ ምን እንደሆነ አይያዝም። እናቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጣሳውን ከፍታ ታሸታለች፣ ትከድናለች። «እየመጣልኝ ነው» ትላለች።