በነጠላ ጫፍ የተቋጠሩ ሦስት ኪኒኖች

በመሀል አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ በሴቶች ሜዲካል ዋርድ፣ በዐቢይ ጾም ወቅት የሆነ ነው። ዕድሜያቸው ወደ 70 የተጠጋ እናት በእግር ቁስል ተኝተዋል፤ የስኳር ታማሚ ናቸው፣ ኩላሊታቸውም ደከም ብሏል። የታዘዘላቸው ግሊቤንክላማይድ የተባለ የደም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን 5 ሚሊ ግራም ነው፤ በቀን አንዴ፣ ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር። ተረኛዋ ነርስ ብዙ አልጋ ይጠብቃታል። ኪኒኑን በትንሿ ኩባያ አድርጋ ኮመዲኖው ላይ ታስቀምጥና «እማማ፣ ይቺን ይዋጧት እሺ» ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። መድኃኒት መሰጠቱ በሚመዘገብበት ቅጽ ላይ የምትፈርመውም ያኔውኑ ነው። ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ።

እማማ ግን እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ። መድኃኒት ጾም ይገድፋል ብለው ፈሩ፤ እምቢ ብለው ልጅቷን ማስቀየምም አልወደዱም። መድኃኒት መጣልም ነውር ሆነባቸው። ስለዚህ በየቀኑ አንዷን ኪኒን በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩ ጀመር።

የጠዋት የደም ስኳራቸው በሦስቱም ቀን ከ220 አልወረደም። ሐኪሙ በራውንድ (ታማሚዎችን በየአልጋቸው ሲጎበኝ) ቅጹን ሲገልጥ ሦስት ፊርማ አገኘ። መድኃኒቱ እየተወሰደ ስኳሩ ካልወረደ መጠኑ አንሷል ማለት ነው፤ ወደ 10 ሚሊ ግራም አሳደገው። የተጻፈውን አምኖ ለሠራ ሐኪም ከዚህ የተለየ ነገር አይታየውም።

በአራተኛው ቀን ሌላ ነርስ ተረኛ ሆነች። እሷ ጥንቁቅ ናት፤ ሁለቱን ኪኒን ሰጥታ ውኃ አቀብላ እስኪውጡ አጠገባቸው ቆመች። እማማም ፊቷ ላይ እምቢ ማለት ከብዷቸው ዋጡ። አንድ ነገር ግን አልጠየቀችም፦ እህል ቀምሰው እንደሆነ። 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ልጃቸው ምሳ ዕቃ ይዛ ስትመጣ ላብ አጥምቋቸው፣ ስሟን ጠርተው መጨረስ አቅቷቸው አገኘቻቸው። የደም ስኳራቸው ከልክ በታች ወርዶ 38 ነበር።

ልጅቷ ስኳር በጥብጣ በአፋቸው ልታፈስ ስትል ነርሷ ከለከለቻት፤ ልክ ነበረች። ነቅቶ በደንብ ለሚውጥ ሰው ከ15 እስከ 20 ግራም ስኳር በውኃ መስጠት ትክክል ነው። ራሱን ለማያውቅ ሰው ግን ያው ውኃ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። 40 በመቶ ግሉኮስ 50 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 20 ግራም፣ በደም ሥር ቀስ ተብሎ ተሰጣቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ተለኩ፣ ነቁም። በዚህ አልተቆመም፤ ግሊቤንክላማይድ እስከ አንድ ቀን ድረስ ይሠራል፣ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። የነቃ ታማሚ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሊወድቅ ስለሚችል የ10 በመቶ ግሉኮስ ጠብታ ተንጠልጥሎ ሌሊቱን ሙሉ በየሰዓቱ ሲለኩ አደሩ። ቋጠሮውን የፈታችው ልጃቸው ናት። ሦስቱም ኪኒኖች እዚያው ነበሩ።

እዚህ ላይ የአራተኛውን ቀን ነርስ ብቻ መውቀስ አይገባም። ጉዳቱ የተጀመረው ከመዋጥ በፊት በተፈረመ ፊርማ ነው። ፊርማ «አቅርቤያለሁ» ማለት አይደለም፤ «ሲውጡ አይቻለሁ» ማለት ነው። ኮመዲኖ ላይ የተተወ ኪኒን ታማሚው ሊቋጥረው፣ ጎረቤት አልጋ ያለው ሊውጠው፣ አብሮ የመጣ ሕፃን ሊያነሳው ይችላል። ተጠራጣሪ መሆን ሲያስፈልግም «እስቲ ምላስዎን ከፍ ያድርጉልኝ» ብሎ ጉንጭና ከምላስ ሥር ማየት በአክብሮት ከተጠየቀ ማንንም አያስቀይምም።

ጾምን በተመለከተ ነርስ ከታማሚ ጋር መከራከር የለባትም፤ መጠየቅ ግን ግዴታዋ ነው። «እማማ፣ ይጾማሉ? ስንት ሰዓት ነው የሚቀምሱት?» ብትል መልሱ በግማሽ ደቂቃ ይገኛል። የሚጾሙ ከሆነ የስኳር መድኃኒቱ ይቆይና ለሐኪም ይነገራል፤ ሰዓቱን ወደ ምግባቸው ማዛወር ወይም መድኃኒቱን መቀየር የእሱ ውሳኔ ነው። ለታመመ ሰው የንስሐ አባት ፈቃድ እንደሚሰጡም ቤተሰብ ያውቃል፤ በረመዳንም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። ቅጹ ላይ ፊርማ በመፈረም ፈንታ ሰዓቱ ይከበብና «ስለሚጾሙ አልወሰዱም» ተብሎ ይጻፋል። ይህች አንዲት መስመር በመጀመሪያው ቀን ተጽፋ ቢሆን መጠኑ ባልጨመረ ነበር።

ሰዓት ራሱ ሌላ ወጥመድ ነው። ትእዛዙ ላይ «8» ብቻ ከተጻፈ፣ አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር የጠዋቱን 2 ሰዓት፣ ሌላው በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ይለዋል፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ቀለም አያስጨርስም።

ስም ላይም እንዲሁ ነው። «አልማዝ ነዎት?» ለሚል ጥያቄ የደከመ ወይም ጆሮው የከበደው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። «ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ» ብሎ ከካርድ ቁጥሩ ጋር ማመሳከር ይሻላል፤ በስምና በአባት ስም የሚገጥሙ ሁለት ታማሚዎች በአንድ ዋርድ መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። መድኃኒቱም ከመደርደሪያው ሲነሳ፣ ከስትሪፑ (ከታሸገበት ልባጥ) ሲወጣና ስትሪፑ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ሦስት ጊዜ ከቅጹ ጋር ይተያያል። ከስትሪፑ መውጣት ያለበት አልጋው አጠገብ ነው፤ ራቁቱን በኩባያ የተቀመጠ ነጭ ክኒን ከሌላ ነጭ ክኒን አይለይም።

ታማሚው ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ መጀመሪያ ውኃ ጎንጨት ይበል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይዋጥ፣ ከዋጠም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይጋደም። ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ በአንድ ጉንጭ ውኃ ከተዋጠ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል፤ ሙሉ ብርጭቆ ይፈልጋል። መዋጥ ለሚከብደው ሰው ብሎ ቀስ በቀስ እንዲለቅ የተሠራን የደም ግፊት መድኃኒት ኒፌዲፒንን መፍጨት የቀኑን መጠን በአንዴ መልቀቅ ነው፤ ግፊት ድንገት ይወርዳል። የልብ መድኃኒት የሆነውን ዲጎክሲን ከመስጠት በፊት የልብ ምት አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል፤ በአዋቂ ከ60 በታች ከሆነ ሳይሰጥ ለሐኪም ይነገራል።

እማማ በማግስቱ ግሊቤንክላማይዱ ቆመላቸው፤ ለኩላሊታቸው የሚስማማ ሌላ ሕክምና ተጀመረ። ሦስቱ ፊርማዎች አልተፋቁም፤ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ መስመር ተሰምሮ ጎኑ ላይ «አልተዋጠም» ተብሎ ከቀንና ከፈረመችው ነርስ አዲስ ፊርማ ጋር ተጻፈ።