የሠርጉ ሻርፕ
የጥር ሰኞ ነበር። እሁድ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ውዬ አምሽቼ ጠዋት ሥራ ገባሁ። የምሠራው ገላን አካባቢ ያለ የቡና ማዘጋጃ ውስጥ ነው፣ መቅመሻ ክፍሉ። ናሙና እቆላለሁ፣ እፈጫለሁ፣ በየስኒው መዝኜ ለቀማሾቹ እደረድራለሁ።

እዚያ ክፍል ሽቶ ክልክል ነው። ሎሽንም፣ የሚሸት የፀጉር ቅባትም። ይህን ከገባሁበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፤ ያን ቀንም ገላዬን በደንብ ታጥቤ ነው የወጣሁት። ግን ብርድ ነበርና ሻርፔን አንገቴ ላይ ጠመጠምኩ። የሠርጉን ሻርፕ።

ሠርጉ ላይ የተቀባሁት ሽቶ ቫኒላ ነው። ታላቅ እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ያመጣችልኝ፣ ከበድ ያለ። መጀመሪያ ሲረጩት ምንም አይመስልም። ሰውነት ሲያሞቀው ነው የሚወጣው፤ ከምድጃ የወጣ ኬክ ትንሽ ከእጣን ጋር የተቀላቀለ ይመስለኛል። እኔ ቫኒላን የምወደው አይቸኩልም ብዬ ነው። የሎሚና የአበባ ሽቶ ገና በር ላይ ሰላም ብሎ ይሄዳል። ቫኒላ አንገት ሥር ቁጭ ይላል፣ ያቀፈ ሰው ያገኘዋል። ሠርጉ ላይ ያቀፉኝ ሴቶች ሁሉ «ምንድነው የተቀባሽው?» ነው ያሉኝ።

ወደ ሰኞው ልመለስ። ለአንድ ናሙና 5 ስኒ እናቀርባለን። ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና፣ ከዚያ 4 ደቂቃ ጥበቃ። ከዚያ ቀማሾቹ ላዩ ላይ የረጋውን በማንኪያ ገፋ አድርገው አፍንጫቸውን ወደ ስኒው ይሰዳሉ። ለዚህች አንድ ትንፋሽ ነው ያ ሁሉ ጥንቃቄ።

የመጀመሪያው ናሙና ያልታጠበ ጉጂ ነበር። ሦስቱም ቀማሾች «ቫኒላ» ብለው ጻፉ። ማንም አልገረመውም፤ የቫኒላን ሽታ የሚሰጠው ቫኒሊን የተቆላ ቡና ውስጥም በተፈጥሮ አለ፣ ጥሩ ቡና ላይም ይገኛል። ቀጥሎ የታጠበ ይርጋጨፌ። እሱም ቫኒላ። ሦስተኛው ነቀምት። አሁንም ቫኒላ።

ትልቁ ቀማሽ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ባዶ ስኒ ላይ ሙቅ ውሃ አድርጊልኝ።»

አደረግሁ። አሸተቱና ወደ እኔ ገፉት። «አንቺም አሽችው።»

ጎንበስ ስል የሻርፔ ዘርፍ ወርዶ የስኒውን አፍ ነካ። ውሃውን አይደለም ያሸተትኩት፤ ሠርጉን ነው። ሰውነቴ ሙቅ ሆነ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ሻርፔ ነው።»

አልተቆጡኝም። «ውጪ አውጥተሽ አስቀምጪው፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ ከሰዓት እንደገና እንጀምራለን» ብቻ አሉ። አሥራ አምስቱን ስኒ ደፋሁ። ነጥብ የተሞላበት ወረቀት ተቀደደ። የዚያን ቀን ያመመኝ ይሄኛው ነው፤ ቡናው የሚሸጠው በዚያ ነጥብ ነው፣ ከነጥቡ ጀርባ ደግሞ ከርሞ የለፋ ገበሬ አለ።

ከሰዓት ነቀምቱ ነጥቡ ወረደ። ጣፋጭነቱ የኔ ኖሯል። ይርጋጨፌው ግን ከፍ አለ! ጠዋት ማንም ያላሸተተው የሎሚና የጃስሚን መዓዛ ብቅ አለ። ሽቶዬ ለአንዱ ያልነበረውን ሰጥቶ፣ የሌላውን ደብቆበት ነበር።

ማታ ቁጭ ብዬ ስለ ቫኒላ ማንበብ ጀመርኩ። ቫኒሊን ቀስ ብሎ ነው የሚተነው። የሎሚ ሽታ በደቂቃዎች ሲበን እሱ ጨርቅ ላይ ቀናት ይቆያል። ለካ ሽቶውን ያስወደደኝና መቅመሻ ክፍሉን ያበላሸው አንድ ነገር ነው። ተክሉ ከሜክሲኮ አካባቢ የመጣ ኦርኪድ ነው፤ አበባው ለአንድ ቀን ብቻ ይከፈታል። በ1841 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሬዩኒየን ደሴት ላይ በባርነት የነበረ ኤድሞን አልቢየስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ የአበባውን ብናኝ በቀጭን እንጨትና በጣቱ አሻግሮ ፍሬ እንዲይዝ ማድረግ ቻለ። ዛሬም ማዳጋስካር ውስጥ እንዲሁ በእጅ ነው የሚሠራው። በ1874 የጀርመን ኬሚስቶች ቫኒሊንን በላቦራቶሪ ሠሩ፤ በ1889 ደግሞ የፈረንሳዩ ሽቶ ሠሪ ገርለን ዢኪ የተባለው ሽቶው ውስጥ አስገባው። ያን ልጅ ግን ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

አሁን የሥራ ልብሴ ለብቻው ነው የሚሰቀለው፣ ሻርፑም አብሮት አያድርም። ቅዳሜ ማታ ቱሉ ዲምቱ ብርዱ ሲጀምር ገላዬን ታጥቤ እጄ አንጓ ላይ ሁለቴ እረጫለሁ። እናቴ ጀበናውን ጥዳ እጣን ታጨሳለች። ቡናው፣ እጣኑ፣ ቫኒላው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ እዚያ ነጥብ የሚሰጥ የለም። እማዬ ስኒውን ስታቀብለኝ እጄን ይዛ ታሸተዋለች።