የልጄ የመጀመሪያ ፍልሰታ

«እማዬ፣ ይሄ ወተት አይደለም እንዴ? ጾሜን አልገድፍም?» አለችኝ ልጄ፣ እጇን እስከ አንጓዋ በጎድጓዳው ሳህን ውስጥ እንደነከረች። በሳህኑ ውስጥ የነበረው የሱፍ ውሃ ነው። ማለዳ ከሰፌድ ላይ እየለቀመች ያጠራችው፣ ቀጥሎም ስወቅጠው አጠገቤ ተቀምጣ ስታይ የቆየችው ደረቅ ፍሬ በውሃ ሲታሽ ነጭ ሆኖ መውጣቱን ማመን አቃታት። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና «የእህል ወተት ነው ልጄ፣ ላም አልነካውም» ስትላት ጣቷን ልሳ አረጋገጠች፤ ከዚያ በኋላ ነው ማሸቱን የቀጠለችው።

ልጄ ዘንድሮ 6 ዓመቷ ነው። ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፍልሰታን እንደምትጾም በራሷ ነገረችን። በጎንደር ይህ የሚያስገርም ነገር አይደለም፤ ከ7ቱ አጽዋማት ሁሉ ሕፃናት እንደ ራሳቸው ጾም የሚቆጥሩት ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ለ15 ቀናት የሚጾመውን ፍልሰታን ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የሰፈሩ ልጆች በጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጎርፋሉ፣ የማይጾም ልጅ ብቻውን የቀረ ይመስለዋል። እኔ ግን ስጋት ነበረኝ። ልጄ ቀጭን ናት፤ ቁርሷ እንቁላል፣ ማታዋ ወተት ነበረ፤ እነዚህ ሁለቱ ከቀሩ ምን ልስጣት እያልሁ ሁለት ሌሊት አሰብሁ። እናቴ በበኩሏ እኔና ወንድሞቼ በዚያ ዕድሜ እስከ 6 ሰዓት እንጾም እንደነበር እያስታወሰች ልጅቷም እንዲሁ ትሞክረው የሚል ሐሳብ አላት። በመጨረሻ የነፍስ አባታችንን ጠየቅን። እርሳቸውም ልጅ መጾም የሚጀምረው ከ7 ዓመቱ መሆኑን፣ ከዚያ በፊት ግን በፍላጎቷ ከሆነ ከፍስክ ምግብ ብቻ ብትከለከል፣ በሰዓት እንዳትጨነቅ፣ ቁርሷንም በጊዜው እንድትበላ ነገሩን። ክርክሩ በዚሁ አበቃ፤ የቀረው የጓዳው ሥራ ነበር።

ስለ ጾም ምግብ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ቀላል ነው የሚል ነው፤ ሽሮ አብስሎ መብላት ነው ይባላል። ለአዋቂ እውነት ሊሆን ይችላል። ለሚያድግ ልጅ ግን በየቀኑ አንድ ዓይነት ሽሮ ማቅረብ በሦስተኛው ቀን ጾሙን እንድትጠላ ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የጾም ገበታ ከፍስኩ ገበታ ይልቅ ብዙ እጅና ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በፍልሰታ ዋዜማ ባለው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ሱፍ፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ምስር ክክ፣ የሽምብራ ቆሎና ለስልጆ የሚሆን ባቄላ ገዛን። ሱፍ የምትሸጠው እናት ለልጄ ጥቂት ፍሬ በእፍኟ ሰጥታ «በጥርስሽ ስበሪው፤ ውስጡ ነጭና ቅባት ያለው ከሆነ ደህና ነው፣ ባዶ ከሆነ አትግዢ» ብላ አስተማረቻት። ከዚያ በኋላ በደረስንበት ሻጭ ሁሉ ፊት ልጄ አንድ አንድ ፍሬ ሳትሰብር አላለፈችም።

ሱፍ ፍትፍት የፍልሰታችን ዋና ምግብ ሆነ፤ እንዴት እንደምንሠራው በዝርዝር ብጽፈው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም በጓደኞቼ ቤት ብዙዎች አድካሚ ነው ብለው ትተውታል። ሱፉ ከጠጠርና ከገለባ ተለቅሞ ይታጠባል። ከዚያ በለስላሳ እሳት በብረት ምጣድ ይታመሳል፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ትንሽ ካለፈ ውሃው ቡናማ ይሆንና ይመርራል፣ ካነሰ ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይሸታል። እናቴ የምትለካው በጆሮዋ ነው፤ ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር ወዲያው ታወጣዋለች። ሲቀዘቅዝ በሙቀጫ ይወቀጣል። የተወቀጠው በጎድጓዳ ሳህን ተደርጎ ለብ ያለ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረበት በእጅ ይታሻል፤ ልጄ የተረከበችው ይህንን ነው። ጣቶቿ ትንንሽ ስለሆኑ ከገለባው ሥር ያለውን ሁሉ ጨምቃ ታወጣለች፤ ነጭ ውሃው በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ይጠለላል፣ ገለባው እንደገና ወደ ሳህኑ ተመልሶ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይታሻል፣ ውሃው እስኪቀጥን ድረስ። በመጨረሻ ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ዝንጅብል ይገባበታል። ለእኛ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት በላዩ ይከተፍበታል፤ ለልጄ አስቀድሜ በትንሽ ሳህን እቀንስላታለሁ። እንጀራው የሚፈተፈተው ሊበላ ሲል ነው፤ ቀደም ብሎ ከተፈተፈተ ይላሽቅና ለዛውን ያጣል።

ከዚህ በፊት ልጄን ከጓዳ የማስወጣት ልማድ ነበረኝ። እሳት አለ፣ ቢላዋ አለ፣ ሥራው ይዘገያል የሚል ምክንያት አላጣም ነበር። በዚህ ጾም ግን አንድ ነገር በዓይኔ አየሁ፤ ለጾም የሚሰጠው ምክርና ትረካ ሁሉ ለልጅ በጆሮ የሚያልፍ ነገር ነው፣ በእጇ ያሸችው ሱፍ ግን የራሷ ጾም ይሆናል። ሱፉን ያሸች ዕለት እራቷን ሳልለምናት በላች። እኔና አባቷ ያዘጋጀነውን የምስር ወጥ ደግሞ፣ እሷ ሳትኖር ስለተሠራ፣ ዳር ዳሩን ነክታ ተወችው።

እንጀራውም ሌላ ትምህርት ነበር። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ በነሐሴ ብርድ ሊጥ ቶሎ አይቦካም፤ በበጋ በሁለት ቀን የሚደርሰው በክረምት ሦስት ቀን ይጠይቃል። በላዩ የሚጠልለውን ቢጫ ውሃ ደፍቶ፣ ከሊጡ ጥቂት ቀንሶ በፈላ ውሃ እያማሰሉ አብስሎ፣ ቀዝቀዝ ሲል ወደ ሊጡ መመለስ፣ ማለትም አብሲት መጣል፣ የእንጀራው ዓይን የሚወሰንበት ሥራ ነው። ልጄ ማማሰያውን ከእናቴ ጋር ይዛ «እማማ፣ ለምን ጥቂቱን ብቻ እናበስላለን? ሁሉንም ለምን አናበስለውም?» ስትል እናቴ «ጥቂቱ ሄዶ ሌላውን ይቀሰቅሰዋል» አለቻት። ያን ዕለት ሊጡ ኩፍ ብሎ ምጣዱ ግሎ ሦስት እንጀራ እንደወጣ መብራት ሄደ። አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ አልመጣም። ሊጡ ሊኮመጥጥ ሆነ። በጓሮው ማድ ቤት የሸክላ ምጣድ ስላለን እናቴ ከጣራው ሥር ያኖረችውን የባሕር ዛፍ ጭራሮ አወጣች፤ እንጨቱ ግን ከክረምቱ እርጥበት የተነሣ ከእሳት ይልቅ ጭስ ይሰጥ ነበር። ምጣዱ በቂ ሙቀት ሳይዝ ያሰፋሁት የመጀመሪያው እንጀራ ያለ ዓይን ነጠፍ ብሎ ወጣ። ልጄ አክንባሎው ሲነሣ ጎንበስ ብላ አየችና «ይቺ እንጀራ ተኝታለች» አለች። አራተኛው ላይ ሲደርስ ምጣዱ ጋለ፣ ዓይኖቹ በየቦታው መከፈት ጀመሩ፣ እሷም «ነቃች! ነቃች!» እያለች በጭሱ መካከል ታጨበጭብ ነበር። ጎመንዘሩን አልሞ ምጣዱን የማሰሱ ሥራ ከዚያ ዕለት ጀምሮ የሷ ነው፤ እጇን ይዤ ነው የምታሰው።

ቁርሷን በሚመለከት ያሰብሁትን ያህል አልከበደኝም። ተልባ ታምሶ ተፈጭቶ ከማር ጋር በውሃ ሲበጠበጥ ትወዳለች። በአንዳንዱ ቀን የገብስ ቅንጬ በኑግ ዘይት፣ በሌላው የሽምብራ ዱቄት ቂጣ ከሰሊጥ ጋር እሰጣታለሁ። በነሐሴ አጋማሽ የበቆሎ እሸት ስለደረሰ ከሰዓት በኋላ መክሰሷ የተጠበሰ በቆሎ ሆነ።

በሰባተኛው ቀን ግን ከጎረቤት ቤት እያለቀሰች መጣች። ከእኩያዋ ጋር ሲጫወቱ ዳቦ ተሰጥቷት በልታ ኖሯል፤ ከበላች በኋላ ቅቤ የተቀባ መሆኑን ጓደኛዋ ነገረቻት። «ጾሜን ገደፍሁ» እያለች ስትንሰቀሰቅ እኔ ምን እንደምል ግራ ገባኝ፤ «ምንም አይደለም» ማለት የያዘችውን ነገር ማቃለል መሰለኝ። እናቴ ከመደቡ ላይ ሳትነሣ ወደ ጭኗ ስባ «ሳታውቂ ነው፤ ያላወቀ አልገደፈም። ነይ፣ ነገ ለቁርስሽ የሚሆነውን ተልባ አብረን እንልቀም» አለቻት። ሰፌዱን ተቀብላ እንባዋ እየወረደ መልቀም ጀመረች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ስለ ሌላ ነገር ታወራ ነበር።

ወደ በዓታ ለማርያም የምንሄደው ረፋድ ላይ ነው። በፍልሰታ ቅዳሴው ቀትር ካለፈ በኋላ የሚያበቃ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ውዳሴ ማርያም ከነትርጓሜው ይሰማል። ልጄ ትርጓሜውን ሁሉ ትከታተላለች ብዬ አልዋሽም፤ በነጠላዬ ተጠቅልላ ትተኛ ነበር። ለመቁረብ በተዘጋጀችባቸው ቀናት ቁርስ ስለማትበላ የመጨረሻው ሰዓት ይከብዳት ነበር፤ ሆኖም የሌሎቹ ሕፃናት ሰልፍ ሲጀመር ድካሙን ትረሳዋለች። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ እመቤታችን በ64 ዓመቷ ጥር 21 ቀን ማረፏን፣ ነሐሴ 14 ቀን መቀበሯንና በ16 መነሣቷን፣ ሐዋርያው ቶማስም በደመና ሲመጣ አግኝቷት የመግነዟን ሰበን ምስክር እንዲሆነው መቀበሉን ትተርክላታለች። ልጄ ከሁሉ ይልቅ ቶማስን ወደደችው፤ አርፍዶ መጥቶ ሁሉን ያየ እሱ ነው ብላ።

የቡሄ ዋዜማ ነሐሴ 12 ቀን ሙልሙል ጋገርን። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል፤ በጎንደር ግን ያን ዕለት ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላቋረጠም። የስንዴው ሊጥ ጾም በመሆኑ ወተትም እንቁላልም የለውም፤ ጥቁር አዝሙድና ጥቂት ዘይት ብቻ ነው የገባበት። እናቴ ሊጡን እየቆነጠረች፣ በመዳፏ እያድበለበለች ታስረዝመዋለች። ልጄ ያድበለበለቻቸው አራት ነበሩ፣ አንዱ ከአውራ ጣቷ የማይበልጥ። ደብረ ታቦር ላይ ብርሃን ስለበራ እረኞቹ መሽቷል ሳይሉ መቅረታቸውን፣ ወላጆቻቸውም ዳቦ ይዘው ፍለጋ መውጣታቸውን ከነገርኋት በኋላ «ሴት እረኞች አልነበሩም?» አለችኝ። «ኖረው ሊሆን ይችላል፣ ዳቦውን የጋገሩት ግን እናቶች ናቸው» አልኋት። ማምሻውን ልጆቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ በራችን ላይ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ ሙልሙሉን ያወጣችላቸው እሷ ነች፤ ትልልቆቹን አድላ ትንሿን ግን ለማንም አልሰጠችም፣ ለአባቷ አስቀመጠችለት። እሱም ከሥራ ዘግይቶ መጥቶ በአንድ ጉርሻ በላት፤ እንዴት እንደጣመችው ሦስት ጊዜ አስደገመችው።

በ16 የጾሙ ፍች የተለመደው ነው፤ ዶሮ ወጥ ተሠርቷል፣ 12ቱን ብልት ቆጥራ አስረክባኛለች፣ እንቁላሏን በልታለች። ወተቱን ግን ማታ ስሰጣት ግማሹን ትታ «የሱፉ ይሻላል» አለችኝ፤ ከቀረው ሱፍ በማግስቱ ሠራንላት።

የሚመጣው ፍልሰታ ሲገባ 7 ዓመቷ ይሆናል። እስከ 6 ሰዓት ትሞክረው የሚለውን የእናቴን ሐሳብ ያን ጊዜ እቀበላለሁ፤ ለእናቴም ነግሬያታለሁ። ሱፉን ዘንድሮ በመጨረሻው ቅዳሜ ገዝተን በ10ኛው ቀን ሊያልቅብን ደርሶ ስለነበር፣ ከርሞ በሐምሌ መጀመሪያ አስቀድመን እንገዛለን። ልጄ የነጠላውን ቁራጭ አጥባ አድርቃ ከሙቀጫው ሥር አኑራዋለች፤ ለሌላ ነገር እንዳንጠቀምበትም አስጠንቅቃናለች።